ሪልፕሌየር የት ገባ?

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኢንተርኔት ቪዲዮ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማጫወቻ ማሟላት ነበረበት። አንዱ ድረ ገጽ ሪልፕሌየር ይላል፣ ሌላው ኩዊክታይም፣ ሌላው ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር። ሪልፕሌየርን ሊያወርድ የገባ ሰው የሚሸጠው ቅጂ ፊት ለፊት ይጠብቀዋል፤ የነፃው ሊንክ ግን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተወሽቋል። ሲጭነው ደግሞ ቀድሞ ራይት የተደረገባቸውን ሳጥኖች እየፈለገ ካላጠፋ፣ ማስታወቂያው ሥራ አያሠራውም። ታዲያ ሰዉ ሌላ መንገድ እንዳገኘ ጥሎት ቢሄድ ምን ይገርማል?

አውሮፓ መፍትሔውን በሕግ ሞከረችው። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2004 ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየርን ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ የሚሸጠውን ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ማጫወቻው የወጣለት ዊንዶውስም እንዲሸጥ አዘዘ። ትእዛዙ ተፈጸመ፤ ዋጋው ግን ከሙሉው ጋር እኩል ስለነበር የሚገዛው ጠፋ። በአንድ ዋጋ የጎደለውን ማን ይመርጣል!

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበበት ነው። በ1996 በፓሪስ አጠገብ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የዶርማቸው ኔትወርክ ተንቀራፎባቸው ነበር። አዲስ መስመር ለማስገባት ሰበብ ያስፈልጋል፤ ሰበቡም የሳተላይት ቴሌቪዥንን በኔትወርክ ወደየክፍሉ ማሰራጨት ሆነ። ከዚያ የተወለደው ቪኤልሲ የተባለ ማጫወቻ በ2001 ኮዱ ለማንም ክፍት ተደረገ። ትልቁ ብልሃቱ ኮዴኩን፣ ማለትም የታመቀውን ምስልና ድምፅ የሚፈታውን ክፍል፣ በራሱ ውስጥ ይዞ መምጣቱ ነው። ቪኤልሲን የሚያዘጋጀው የቪዲዮላን ፕሬዚዳንት ዣን ባቲስት ኬምፕፍም ማስታወቂያ እንዲያስገቡ የቀረበላቸውን ሚሊዮኖች እምቢ ማለታቸውን ተናግረዋል።

በብራውዘር ውስጥ ቪዲዮ ያጫውት የነበረው ፍላሽስ? ዩቲዩብ በ2005 ሲጀምር የተንቀሳቀሰው በእሱ ነበር፤ ብዙ ሰው ማጫወቻ መምረጥን የረሳውም ያኔ ነው። ግን ባለቤቱ አዶቤ በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቆመ፤ ከጥር 12 ቀን 2021 ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ ቪዲዮውን አላጫውትም አለ። በፍላሽ ብቻ የተሠራ ገጽ ሁሉ አብሮት ጨለመ።

ዛሬ ለአብዛኛው የኢንተርኔት ቪዲዮ ብራውዘሩ ይበቃል። የቀጥታ ስርጭት ሊንክ ወይም የወረደ ፋይል ካላችሁ ቪኤልሲን ተጠቀሙ፤ ሊንኩን ኮንትሮልና ኤን ተጭናችሁ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ለጥፉት። ፕሮግራሙን ከቪዲዮላን ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ በስሙ የሚነግዱ አስመሳይ ቅጂዎች አሉ። "ቪዲዮውን ለማየት ይህን ኮዴክ ጫኑ" የሚል የማታውቁት ገጽ ከገጠማችሁ ግን ሳትነኩት ዝጉት፤ ቫይረስ በዚህ መንገድ ሲሠራጭ ኖሯል።