«ተዉኝ» ያለችንን እንተዋት?



ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ላይ የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። አእምሮው ታሞ ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው እርዳታ እምቢ ካለ ምን ይደረጋል? ግማሾቻችን «መብቱ ነው፣ ይተው» አልን። ሌሎቻችን «የታመመ ሰው ምን ያውቃል፣ ተሸክሞ መውሰድ ነው» አልን። እኔ ሁለቱም አልዋጥ ስላሉኝ ይህችን ጻፍኩ።

ከመሸከሙ ልጀምር። ሌላ ሰው ሲወስንልን ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ፓስፖርታችን «እንዳይጠፋብሽ» ተብሎ የተቆለፈበት፣ በር «ለአንቺው ደኅንነት» ተብሎ የተዘጋብን ስንቶች ነን! አገር ቤትም ጸበል ቦታ በሰንሰለት ታስረው የሚሰነብቱ ሕሙማን አሉ። ያሰሯቸው የሚያደርጉት የጠፋባቸው እናትና ወንድም ናቸው እንጂ ጠላት አይደሉም። (ጸበሉን መንቀፌ አይደለም። ከጸበሉ ጋር ክኒኑንም ዋጡ የሚሉ አባቶች አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።)

«መብቷ ነው» የሚለው ግን ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ለእኛ ይመቸናላ! ዶራ ድልድዩ አጠገብ የምታድረውን የአገራችንን ልጅ እንውሰድ። ከሁለት ወር በፊት ስድስት ሰዎች ከበዋት «ሐኪም ቤት እንውሰድሽ» ሲሏት «ተዉኝ» አለች። እሺ፣ እምቢ ያለችው ምኑን ነው? ኢቃማ የሌላት ሰው «ሐኪም ቤት» ስትባል ፖሊስና እስር ቤት ሊታያት ይችላል። ይሄ እብደት አይደለም፣ እኛ ጤነኞቹም የምንፈራው ነው። ኋላ አንዲት እህታችን ብቻዋን ሻይ ይዛ አጠገቧ ቁጭ ብትል ጠጣችላት። በሦስተኛው እሑድ ስሟን ነገረቻት።

ሕመሙም ራሱ ሰው ያስፈራል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚኖሩ 217 ሰዎች መካከል ከመቶው 41ዱ ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ ሕመም ነበረባቸው። ይህ ሕመም የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ የሚያጎርስሽ እጅ መርዝ የያዘ ያስመስላል። መተማመን ካልቀደመ ክኒን አይዋጥም፤ ቢዋጥም በደንብ የሚሠራው በሳምንታት ነው። እስከዚያ የሚያበላ፣ የሚያስተኛ፣ ሰዓቱን የሚያስታውስ ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ሲያነሣ በቪዲዮ አይተን አልቅሰናል። እኔን የሚደንቀኝ ካነሡ በኋላ ያለው ነው፤ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ነገም እንደገና። እዚያ ገንዘብ መላካችን ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን ዶራ ላለችው ልጅ ተመልሶ የሚመጣ ሌላ ሰው የለም። እሑድ እሑድ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ሰው ሳንቀያይር ብንሄድ እላለሁ። ጎዳና ደግሞ የሌላ ሰው ነገር አይምሰለን። በ2020 እ.ኤ.አ. አሠሪዎች አምጥተው እዚሁ ቤይሩት ቆንስላው በር ላይ የጣሏቸው እህቶቻችን፣ አስፋልት ላይ ከማደራቸው በፊት እንደኛው ሰው ቤት ሲሠሩ የነበሩ ናቸው።

እምቢታዋን የማልሰማበት ጊዜም አለ። መኪና መሐል ስትገባ፣ ራሷን ወይ ሌላ ሰው ልትጎዳ ስትል፣ ያኔ ቀይ መስቀል 140 መደወል ነው። አምቡላንሱ ሲመጣ አንዳችን አብረን እንግባ፤ ዐረብኛ በደንብ የምትችለው ብትሆን ይመረጣል። ስሟን፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛች፣ ምን እንደምትፈራ ለሐኪሙ የሚነግርላት ሰው ያስፈልጋታል። የት እንደተወሰደችም ያቺው እህት ለኅብረቱ ትንገረን፣ በሚቀጥለው እሑድ የምንሄድበትን እንድናውቅ።