የአረጋውያን ጆሮና የወጣቶች አንደበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው በልቡ እውነትን እያወቀ በጉባኤ ፊት ሲቆም ጉልበቱ ይብረከረካል፤ ያሰበውም ሁሉ እንደ ጉም በኖ ይጠፋበታል። ይህ ፍርሃት በደካሞች ብቻ የሚደርስ አይደለም። የነቢያት አለቃ ሙሴም በተላከ ጊዜ አንደበቱ የከበደ መሆኑን ለእግዚአብሔር አመልክቷል። እግዚአብሔርም የሰጠው ረዳት ማን እንደ ሆነ እናስተውል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈው፣ በፈርዖን ፊት በቆሙ ጊዜ የሙሴ ዕድሜ 80፣ የአሮን ደግሞ 83 ዓመት ነበረ። እንግዲህ ረዳቱ በዕድሜ የሚበልጠው ታላቅ ወንድሙ ነው። አሮንም ልቡ ደስ እያለው ሊገናኘው ወጣ እንጂ፣ ታናሼ በለጠኝ ብሎ በዚያን ጊዜ አልቀናም።

የዚህ ርዳታ ፍሬ በኋላ ታየ። አሮን በ123 ዓመቱ በሖር ተራራ ዐረፈ። መናገር አይሆንልኝም ብሎ የነበረው ሙሴ ግን በ40ኛው ዓመት በዮርዳኖስ ማዶ ቆሞ ሕጉን ለእስራኤል ሁሉ በራሱ አንደበት አስረዳ፤ ንግግሩም ኦሪት ዘዳግም የተባለውን መጽሐፍ ሞላ። መልካም ረዳት እርሱ ካለፈ በኋላ የረዳው ሰው ብቻውን እንዲቆም የሚያደርግ ነው።

ይህን የምንጽፈው የጌዴኦን ምድር በማሰብ ነው። በዚያ ምድር የቃል ክብር ከጥንት የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ ሶንጎ በሚባለው የሸንጎ ስፍራ ተሰብስቦ ነገሩን በሽማግሎች ፊት ሲያስረዳ ኖሯል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ እንሰቱና ቡናው ከአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር እስከ ዛሬ የቆየው የአባቶች ቃል መጥረቢያውን ስለ ከለከለ ጭምር ነው።

ዳሩ ግን ቃል የሚያጥረው ሰው በዚያም አይታጣም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ቤቷን ያጣች ባልቴት በሹም ፊት ቆማ ነገሯን ማስረዳት ካልቻለች እውነቷ በሆዷ ይቀራል። አፉን በጌዴኦኛ የፈታ የዲላ ወጣትም አማርኛዬ ይሳቅበታል ብሎ በሰንበት ትምህርት ቤት ዝም ካለ፣ ቤተ ክርስቲያን አንድ መምህር አጣች ማለት ነው።

እኛም በቅኔ ቤት ሳለን ቀን የቆጠርነውን ቅኔ ማታ በመምህሩ ፊት ስንነግር ቤቱ ይጠፋብን፣ ጓደኞቻችንም ይስቁብን ስለ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ዝምታን መርጠናል። ከዚያ ዝምታ ያወጡን ማንም ያላዘዛቸው አንድ አረጋዊ ናቸው። ከጎጇችን ደጅ ተቀምጠው፣ «እስቲ ልጄ፣ ለእኔ ንገረኝ» ይሉን ነበር። ብንሳሳት አይስቁም፤ እስክንጨርስም አያቋርጡም። የቅኔ ሊቅ አልነበሩም፤ የሰጡን ጆሯቸውን ነበር።

ስለዚህ በዲላ፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ የምትኖሩ፣ ከማስተማር ወይም ከዳኝነት ወይም ከሌላ ሥራ በጡረታ ያረፋችሁ አረጋውያን ሆይ! ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ጊዜ ስጡ። አስቀድማችሁ ስሙ፤ ሰው በሚቀለው ቋንቋ ይጀምር። ቀጥሎም ስሕተቱን ለብቻው ንገሩት። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 18 እንደምናነበው፣ አጵሎስ በምኵራብ ሲናገር ትምህርቱ ጐድሎ ሳለ አቂላና ጵርስቅላ በሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው አስረዱት እንጂ። በመጨረሻም በእርሱ ቦታ አትናገሩ፤ ቢዘገይም ታገሡት።

አንድ ነገር ግን እናሳስባለን። አንደበቱ የተፈታው አሮን ሙሴ በተራራ በዘገየ ጊዜ ለሕዝቡ ፈቃድ ተሸንፎ የወርቅ ጥጃ ሠርቷል። እንግዲህ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አያድንም፤ ወጣቱ ሕዝብ የሚወደውን ሳይሆን እውነቱን መናገር ይልመድ።

ይልቁንም እኛ ካህናት ራሳችንን እንመርምር። በዐውደ ምሕረት ቆሞ የተሰናከለ ወጣት ሲያጋጥመን ስቀን እንደ ሆነ ንስሓ እንግባ፤ አንድ ሳቅ የዘጋውን አፍ ለመክፈት ብዙ ዓመት ይፈጃልና። ጌታችን ደንቆሮውንና ኰልታፋውን ሰው በፈወሰ ጊዜ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ አስቀድሞ ጆሮውን ዳሰሰ፣ ከዚያም አንደበቱን ፈታ። የእኛን ጆሮ ለልጆቻችን ይክፈትልን፤ የእነርሱንም አንደበት ለእውነት ይፍታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።