ጎመኑ ጸደቀ

ባለፈው መጋቢት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋሸሁ። ውሸቱ ሁለት ቃል ነው፦ «ውሃ የለንም።» ይህን ለእናንተ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ውሸቱ ብቻ ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው። በስስት ወይም በጥላቻ በኩል ቢመጣ ኖሮ ቶሎ አውቀው ነበር። የመጣው በቁጠባ በኩል ነው፤ ያውም በወጣቶች ክፍል ቆሜ «መልካም ባለአደራነት» እያልኩ ሳስተምረው በነበረው ቁጠባ።

የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ሞቃት ከተማ ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ መሬቱ በጥቅምት መድረቅ ይጀምራል፤ የበልግ ዝናብ ከቀረ ደግሞ እስከ ሰኔ አቧራ ነው። ባለፈው ዓመት በልጉ ቀረ። ደመናው ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና፣ ነፋስ ይነሣና፣ የተሰጣ ልብስ አስነሥቶን ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃችን ሲደርስ ሌሊትም ቢሆን እንነሣለን፤ ስድስት ጀሪካን እንሞላለን፤ እነዚያ ስድስት ጀሪካኖች እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ሕይወታችን ናቸው።

ከቤታችን ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለችን። አራት መደብ ናት፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ። ጥጉ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ አሉ። ይህች ጓሮ የጊዜ ማሳለፊያ እንዳትመስላችሁ። ወሩ ሲጋመስ ደመወዝ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሽሮ ከመደርደሪያ፣ ጎመን ከጓሮ ነው። ባለቤቴ ከታች ያለውን ቅጠል ብቻ ትቀነጥሳለች፤ አናቱ ስለማይነካ ጎመኑ እንደገና ይሰጣል።

ጓሮ የሌላችሁ ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ልትዘሉት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ደስ ስለሚለኝ እጽፈዋለሁ። በክረምት መደብ ከፍ ይደረጋል፤ ውሃው እንዲንቆረቆርና ሥሩ እንዳይበሰብስ። በበጋ ግን ተቃራኒው ነው። መደቡን ከመተላለፊያው ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ የምታፈሱት ውሃ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይሰርጋል። ከዚያ አፈሩን በጭድ ወይም በደረቀ ሣር ታለብሱታላችሁ፤ ጉዝጓዝ ይሉታል የግብርና ባለሙያዎች። ያለ ጉዝጓዝ በየቀኑ ውሃ ይለምነኝ የነበረ መደብ፣ ከተጎዘጎዘ በኋላ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃው ጀመር። ውሃ የሚጠጣው ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ስትገባ ነው፤ በቀትር ያፈሰሳችሁትን ግማሹን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን። ለቃሪያው በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ አጠገቡ እቀብራለሁ፤ ጠብ ጠብ እያለ ያድራል። ወጥ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፦ ምስር የታጠበበት፣ ድንች የታጠበበት ውሃ ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ጨው የነካው አይሄድም። የልብስ ማለቅለቂያው የመጨረሻ ውሃ ለጽዳት ይሆናል፤ ኦሞ ያለበት ወደ ጎመን አይጠጋም። ያደረ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ የጎመኑ ግንድ ተከትፎ ሽሮ ውስጥ ይገባል፤ የቡና አተላና የድንች ልጣጭ ወደ ብስባሽ ጉድጓዱ። አንድም ነገር አይጣልም። በዚህ እኮራ ነበር። አሁንም ትንሽ እኮራለሁ።

ከስድስቱ ጀሪካኖች ሁለቱ ለመጠጥና ለማብሰያ፣ ሁለቱ ለመታጠቢያ፣ ሁለቱ ለጓሮ ነበሩ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፌባቸዋለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ያን ቀን ውሃ ከጠፋ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። ልጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እማዬ አንድ ጀሪካን ውሃ አበድሩን ብላለች። ለሊጥ ነው። ውሃ ሲመጣ እንመልሳለን» አለችኝ። ሁለቱ የጓሮ ጀሪካኖች ከኋላዬ ነበሩ፤ እሷ አታያቸውም። ጎመኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ማታ መጠጣት አለበት። «ውሃ የለንም የኔ ልጅ» አልኳት። «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች።

ማታ ጎመኑን ሳጠጣ ቀና ስል በቆርቆሮው አጥር ክፍተት ዐይኗን አየሁ። ምንም አላለችም። እኔም አላልኩም። የቀረውን ውሃ እንደ ሌባ ቶሎ አፍስሼ ገባሁ።

ለዚያ ቅዳሜ ያዘጋጀሁት ትምህርት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ነበር። ጌታ አምስት ሺህ ወንዶችን ካበላ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ፍርፋሪው እንዳይባክን ሰብስቡ ያላቸው ታሪክ ነው። ስለ ቁጠባ ስናስተምር ደጋግመን የምንጠቅሰው ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ያን ሳምንት ግን ታሪኩን ስከፍት የነገሩ ቅደም ተከተል ያዘኝ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ በላ። ጠገበ። ፍርፋሪው ይሰብሰብ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ አሥራ ሁለቱ መሶብ የሞላው የተራበ ሰው በሌለበት ነው። እኔ መሰብሰብን ከማብላት አስቀድሜ፣ የቀረኝን ደግሞ ደብቄ ነበር።

ትምህርቱን ትቼ ታሪኩን ነገርኳቸው። ከወጣቶቹ አንዱ ግን በቀላሉ የሚለቅ ልጅ አይደለም። «ታዲያ አምስቱ ልባሞች ቆነጃጅት?» አለኝ። «ዘይት ስጡን ሲባሉ እምቢ አሉ። ጌታ ደግሞ ልባሞች ነው ያላቸው። ጋሼ፣ ለመጣ ሁሉ ውሃ ከሰጡ ጓሮው ይሞታል፤ በሚቀጥለው ወር ጎመን ለማኝ እርስዎ ነዎት።» ክፍሉ ሳቀ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እናንተም ብትጠይቁኝ ትክክል ናችሁ። ለሁሉ መስጠት ከመልካም አሳብ የሚመጣ ስንፍና ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ያለው ሰው የልጆቹን ጎመን በአደራ የያዘ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁና ማቴዎስ 25ን እንደገና አነበብኩ። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ የቆነጃጅቱ ዘይት ቢካፈል ሁለቱም መብራት ከመንገድ ላይ ይጠፋ ነበር፤ ግማሽ መብራት ለሙሽራው አይሆንም። የእኔ ውሃ እንደዚያ አልነበረም። አራት መደብ ለሁለት ቢካፈል ሁለት መደብ ይተርፋል፤ ሰላጣው ቢሞት ጎመኑ ይኖራል። በአንድ ጀሪካን ግን እትዬ የነገውን ሊጥ ያቦካሉ፤ ያለ እሱ የነገ ገበያቸው የለም። እኔ የምሳሳው ለሰላጣ ነበር። ሁለተኛው ይበልጥ አሳፈረኝ። ልባሞቹ እምቢ ሲሉ ምክንያታቸውን ፊት ለፊት ተናግረዋል፤ ለሁላችን አይበቃም ብለዋል። የእኔ እምቢታ ግን ምክንያቱ ሊነገር የማይችል ነበር። «ሁለት ጀሪካን አለኝ፤ ግን ለሰላጣ ነው» ብዬ ለዚያች ልጅ መናገር እችል ነበርን? ብችል ኖሮ አልዋሽም ነበር። አፌ የዋሸው ልቤ ፍርዱን አስቀድሞ ስላወቀ ነው።

ስለዚህ ቁጠባና ንፉግነት የሚለዩት በጀሪካን ቁጥር አይመስለኝም። ሁለቱም ይቆጥራሉ፣ ሁለቱም ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱም ጠብታ አያባክኑም። የሚለያዩት ያስቀመጡትን ለጎረቤት ለማሳየት በመቻላቸው ነው።

1ኛ ነገሥት 17 ላይ ያለችውን የሰራፕታ መበለት አስቡ። በዚያ በድርቅ ዘመን ኤልያስ በመጀመሪያ የለመናት ውሃ ነው። ልታመጣለት ሄደች፤ አልተከራከረችም። እንጀራ ሲጨምር ነው የቆመችው። የቆመችበት መንገድ ነው የሚገርመኝ፤ «የለኝም» ብላ በሩን ልትዘጋው ስትችል፣ በማድጋዋ ያለውን አንድ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋ ያለውን ጥቂት ዘይት፣ ከዚያም በኋላ እሷና ልጇ ሊሞቱ መሆኑን ነገረችው። ጓዳዋን ከፍታ አሳየችው። ስለ እምነቷ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እኔ ግን እውነቷን ከተናገረች በኋላ ነው እምነቷ የመጣው እላለሁ። ዱቄቱን ደብቃ ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ምን ብሎ ተስፋ ይሰጣታል?

የእኛ ችግር ትንሽ ነው። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀርተዋል፤ ከብቱ አልቋል፣ ሰው ቀዬውን ለቋል። በዚያ አገር ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን እጅ በእጅ ያቀብላሉ። ብቻውን ውሃ የሚያወጣ የለም። የማጠጫው ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብር ሰውም ይሾማል። እኔን የያዘኝ ይህ ተራ ነው። ማን ስንት እንዳጠጣ ሁሉ ያያል። እዚያም ውሃ በጣም ይቆጠራል፤ ግን በአደባባይ ይቆጠራል።

እትዬ ጋ የሄድኩት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። ምጣድ ላይ ነበሩ። ውሃ እያለኝ የለኝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። እንጀራውን አወጡ፣ ሌላ አሰፉ፣ አከንባሎውን ከደኑ። «ልጅቷ ነግራኛለች» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ጎመኑስ? ጸደቀ?» አሉኝ።

እየቀለዱብኝ ይሁን ከልባቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በቋንቋችን ችግኝ መሬት ሲይዝ ጸደቀ እንላለን፤ ሰውም በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም ጸደቀ እንላለን። ጎመኑ ጸድቋል አልኳቸው። «እሰየው» አሉና ትኩስ እንጀራ ጠቅልለው ሰጡኝ። አልወስድም ማለት ስላልቻልኩ ወሰድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰላጣ አንተክልም። መደቡ ባዶ ነው፤ ባለቤቴ አልፎ አልፎ ታየውና ትተነፍሳለች፤ ሰላጣ የምትወደው እሷ ነበረች። አንዱ የጓሮ ጀሪካን በር አጠገብ ተቀምጧል፤ የጠመኔውን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ። እትዬ ሁለት ጊዜ ወስደዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞልተው መልሰዋል።

ባለፈው ሳምንት ግን እትዬ በወሰዱበት ቀን ሌላ ጎረቤት መጣ። የሚሰጠው ጀሪካን አልቋል። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። እጁን ይዤ ወደ ጀርባ ወሰድኩትና ጀሪካኖቹን አሳየሁት፦ «ይሄ የልጆቹ መጠጥ ነው፣ ይሄ መታጠቢያ ነው፣ ይሄ የቀረው ለጎመኑ ነው።» ጀሪካኑን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ጉዝጓዙን ገለጥ አደረገና አፈሩን በጣቱ ነካው። «እርጥበት አለው እኮ» አለኝ። «ግማሹን ስጠኝ፤ በግማሹ ሥር ሥሩን ብቻ አጠጣው።»

ማስተላለፊያ ፈልገን አካፈልን። ማታ ጎመኑን በቀረው አጠጣሁት፤ ሥር ሥሩን፣ በጣሳ።