ተራው የማን ነው?

አምስት ኤዲተሮች ከአንድ የጋራ ማከማቻ ላይ ይሠራሉ እንበል። ጠዋት ሁሉም ሰላም ነው። ከሰዓት በኋላ አንዱ የካሜራ ካርዶቹን አምጥቶ መገልበጥ ሲጀምር ግን የአራቱ ስክሪን መንተባተብ ይይዛል። «ኔትወርኩ ሞተ!» የሚል ድምፅ ከጥግ ይሰማል። ማከማቻው ግን አልሞተም። የጠየቀውን ሁሉ በመጣበት ቅደም ተከተል እያስተናገደ ነው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። መቅደም ያለበት ማን እንደሆነ የነገረው ሰው የለም።

ቁጥሮቹ ምሕረት አያውቁም። ፕሮሬስ 422 ኤችኪው በተባለው የቪዲዮ ፎርማት የተቀመጠ፣ ባለ 3840 በ2160 ፒክስል ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ሲጫወት በሰከንድ 737 ሜጋቢት ገደማ ይፈጃል። የ1 ጊጋቢት መስመር አንዱን ተሸክሞ ለሁለተኛው ቦታ ያጣል። ብዙ ቢሮዎች ይህን ሲያዩ ወደ 10 ጊጋቢት ስዊችና ኬብል ይሮጣሉ፤ በወረቀት ላይ አሥራ ሦስት ያህል ምስሎች ሊያልፉበት ይችላሉ። ሆኖም ከመስመሩ ጀርባ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። አንድ ሰው አንዱን ፋይል በተርታ ሲያነብ ይህ አይታወቅም። አምስት ሰዎች አምስት ፋይል ሲጠሩ ግን የንባብ ጭንቅላቱ ከዳር እዳር ሲዘል ይውላል፤ ጊዜው የሚያልቀው በማንበብ ሳይሆን በመንገድ ነው። ለአንዱ የሚበር ማከማቻ ለአምስቱ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ዲስኩን የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ኤስኤስዲ ሳይተካ ስዊች ብቻ የገዛ ቢሮ ገንዘቡን ያለ ቦታው አፍስሷል።

ኤስኤስዲውም ቢገዛ ግን የድርሻው ጥያቄ አይጠፋም፤ ፋይሎቹም እንደ ቦታው ስፋት ያድጋሉ።

የሥነ ምህዳር ሊቁ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ እያንዳንዱ አርቢ አንዲት ላም በጨመረ ቁጥር መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ተከራከረ፤ ትርፉ የአንዱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነውና። አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1985፣ ጆን ኔግል የተባለ መሐንዲስ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር ኔትወርክ አመጣው። ሁሉም በአንድ ሰልፍ ሲቆም ብዙ የላከ ብዙ ያገኛል፤ ጨዋው ይቀጣል፣ ስግብግቡ ይሸለማል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ላኪ የራሱን ሰልፍ ሰጥቶ ከየሰልፉ ራስ በዙር አንድ አንድ ማንሳት ነበር። የፍትሕ ደንብ በአንድ የቴክኒክ ሰነድ ውስጥ ተወለደ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ እኩል ማካፈል ፍትሕ ነው ወይ? አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ ምርጡ ዋሽንት ለማን ይሰጥ ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱ ጥሩ አድርጎ ለሚነፋው የሚል ነው፤ የዘር ሐረግ ዋሽንት አያስነፋም። በኤዲቲንግ ክፍሉም ሰዎቹ እኩል ቢሆኑ ሥራቸው እኩል አይደለም። ምስል የሚያጫውተው ሰው በየ40 ሚሊሰከንዱ አንድ ፍሬም ይፈልጋል፤ ዘግይቶ የደረሰ ፍሬም እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ካርድ የሚገለብጠው ወይም ባክአፕ የሚያደርገው አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ግን ምንም አያጣም። ለሁለቱ እኩል ድርሻ መስጠት አንደኛውን መበደል ነው። ባክአፕን ወደ ሌሊት ማዛወርና ለግልበጣው የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው። ወጪም የለበትም።

ይህን ደንብ ማን ያውጣው? ሃርዲን ወይ መንግሥት ወይ የግል ባለቤት ያውጣው ባይ ነበር። ለተመራማሪዋ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያስገኘላት ሥራ ግን ሦስተኛ መንገድ መኖሩን በብዙ ማስረጃ አሳየ፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው፣ ራሳቸው ተቆጣጥረው መኖር ይችላሉ። ሃርዲንም የጻፈው አስተዳዳሪ ስለሌለው የጋራ ሀብት መሆኑን በኋላ አምኗል። የመንዝ ሰው ይህን ለማወቅ ኦስትሮምን መጠበቅ አላስፈለገውም። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚፈለግ በመሆኑ ቄሮ በተባለው ሥርዓት ሣሩ የሚበቅልበት ቦታ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ በሚታወቅ ቀን ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ ለዘመናት ቆይቶ የላላው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። የሣሩ ዓይነት ግን አልተቀየረም፤ የተቀየረው የደንቡ ባለቤት ነበር።

ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ ስንመለስ፣ ሁሉም በፕሮክሲ፣ ማለትም በቀረጻው ቀለል ያለ ቅጂ፣ ይሥራ የሚል መልስ ጥያቄውን የሚያስቀር ይመስላል። በ1080 ፒክስል የተሠራ የፕሮሬስ ፕሮክሲ በሰከንድ 38 ሜጋቢት ብቻ ይፈጃል፤ አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ምስል ቢያጫውቱ 380 ነው፤ ያ አሮጌ የ1 ጊጋቢት መስመር ይበቃቸዋል። ይሁንና ሥራው ሲያልቅ ቀለም ለማረምና ለመጨረሻው ሬንደር ወደ ዋናው ቀረጻ መመለስ ግድ ነው። ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት ከደረሰ አምስቱም ተመልሰው እዚያው ማከማቻ ደጃፍ ይገናኛሉ፤ የማን ቀረጻ ቀድሞ ወደ ኤስኤስዲው ይግባ የሚለውም በዚያ ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ማንም ሳይቸኩል፣ አምስቱ ቁጭ ብለው ቢወስኑት ይሻላል።