ተቀምጣችሁ ስሙ

ልጆቼ፣ በየሠርጉና በየክብረ በዓሉ የማየው ነገር ዝም አላሰኘኝም። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ የአባቱን ዜማ ሲጀምር ሁላችሁም ስልካችሁን ታነሣላችሁ፤ ገና ግማሹ ላይ ሳይደርስ ፊታችሁን አዙራችሁ ወሬ ትቀጥላላችሁ። አዝማቹን የሚቀበለው ያጣ ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚከፋው ታውቃላችሁ?

«ቀርፀነዋል እኮ» ትሉኛላችሁ። እንግዲያው ዕድሜዋን ስትቀርፅ ስለኖረች አንዲት የግሪክ ሴት ልንገራችሁ። ዶምና ሳሚዩ ትባላለች። ወላጆቿ እ.ኤ.አ. በ1922 በደረሰው የጦርነት መዓት ከትንሿ እስያ የተፈናቀሉ ስደተኞች ነበሩ፤ እሷም በ1928 አቴንስ ውስጥ ካይሳሪያኒ በተባለው የስደተኞች ሰፈር ተወለደች። ድህነቱ አላገዳትም። በ13 ዓመቷ ሲሞን ካራስ ከተባለው መምህር እግር ሥር ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያኗን የቢዛንታይን ዜማና የሕዝቡን ዘፈን ትማር ጀመር። በ1954 ብሔራዊው ራዲዮ ገባች። ከ1963 ጀምሮ የራሷን መቅረጫ ይዛ ከመንደር መንደር፣ ከደሴት ደሴት ዞረች። የቀረፀችውን ግን መደርደሪያ ላይ አልተወችውም፤ አጥንታ ራሷ ዘፈነችው፣ በ1981 ማኅበር አቋቁማ በሸክላ አሳተመችው፣ በስተርጅናዋም ለወጣቶች አስተማረችው።

«ዘመኑ ሌላ ነው» አትበሉኝ። በ1967 ሥልጣን የያዙት የግሪክ ወታደሮች የሕዝቡን ዘፈን መፈክራቸው ስላደረጉት የዚያ ዘመን ወጣት ጠልቶት ነበር። በ1971 ዲዮኒሲስ ሳቮፑሎስ፣ ወጣቱ የሚወደው ዘፋኝ፣ ሮዴዮ በተባለ የአቴንስ ክበብ እንድትዘፍን ጋበዛት። ያ ዘፈኑን የናቀ ወጣት ተቀምጦ ሰማት፤ ሰምቶም ወደደው።

እኔም እንዲሁ ተቀምጬ በመስማት ነው የተማርኩት። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሾ አውራጅ ነበረች። እንዝርቷን ስታሾር እኛ ልጆቹ ጥጥ እየፈለቀቅን አጠገቧ እንቀመጣለን። የግጥሙ ቤት ሲሰበርብን ከመጀመሪያው ታስጀምረናለች፤ ስንይዘው ግንባራችንን ትስመናለች። ዛሬም ለቅሶ ቤት ስገባ ቃሏ አፌ ላይ ነው።

እናንተስ ምን ያዛችሁ? ስልኩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነገር! ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫችሁ ተነሡ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ እንጂ አታጣምሙ። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ! መቅረጫውን አልጠላሁም፤ ሳሚዩም ይዛው ዞራለች። እሷ ግን በጆሮዋና በጉሮሮዋም ይዛው ነበር። በ2012 በ83 ዓመቷ ስታርፍ ያስተማረቻቸው ዘፈኑን ይዘውት ቀሩ።

ለመጪው በዓል ወደ አያቶቻችሁ ስትሄዱ አንድ ዜማ ከነአዝማቹ ሳትይዙ እንዳትመለሱ። ሲዘፍኑ ተቀበሉ፤ ስትስቱ ታረሙ። ይህን ካደረጋችሁ ምርቃታቸው ይደርሳችኋል። እምቢ ካላችሁ ግን ነገ ልጆቻችሁ «አባቶቻችን ምን ይሉ ነበር?» ብለው ሲጠይቋችሁ አንገታችሁን ትደፋላችሁ።