የዳኛ ሹመትና የኅሊና ነጻነት

ዳኛ እውነትን እንዲፈርድ የሚያደርገው የራሱ ጠባይ ነውን ወይስ የተሾመበት ሥርዓት? ጠባይ ነው የሚሉ፥ ደግ ሰው በማናቸውም ወንበር ቢቀመጥ ደግ ፍርድ ይሰጣል ይላሉ። ሥርዓት ነው የሚሉት ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፥ ሽረትን የሚፈራ ሹም ዓይኑ ከሕጉ ይልቅ ወደ ሿሚው እንደሚያዘነብል ያስረዳሉ።

በ1787 ዓመተ ምሕረት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ይህን ነገር አስበውበታል። ስለዚህ የፌዴራል ዳኛ በፕሬዚዳንቱ ታጭቶ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ከተስማማበት በኋላ፥ መልካም ጠባይ እስካለው ድረስ ከወንበሩ አይነሣም፤ ደመወዙም አይቀነስበትም። ወደዚህ ወንበር የሚያደርስ የታወቀ መሰላል የለም፤ አንዱ ከጥብቅና፥ አንዱ ከዐቃቤ ሕግነት፥ ሌላውም ከግዛት ዳኝነት ይመጣል። የግዛት ዳኞች ግን በብዙ ስፍራ በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ፤ አላባማም እንዲሁ ነች።

በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዘመን ሕግ የተማሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጆርጅ ዋላስ በሕዝብ ተመርጦ የግዛቱ ዳኛ ሆነ። ፍራንክ ጆንሰን ደግሞ በኖርማንዲ ጦርነት ቈስሎ ተመልሶ በጥብቅና ሠራ፤ በ1953 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ በ1955ም አርባ ዓመት ሳይሞላው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለሞንትጎመሪ ዳኝነት ሾመው።

ዋላስ በ1958 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ በተሸነፈ ጊዜ፥ ጥቍሮችን ከነጮች የመለየቱን ነገር ከቀድሞው አብልጦ ያዘ፤ በ1962ም ተመረጠ። ጆንሰን ግን በ1956 ከሁለት ዳኞች ጋር ተሰይሞ፥ በአውቶቡስ ላይ ጥቍሮችን ለይቶ የሚያስቀምጠው ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከአንደኛው ጋር ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። በ1965ም ሰልፈኞች ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ እንዲሄዱ ፈቀደ።

እንግዲህ ሥርዓቱ ብቻውን ይበቃል ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ሕዝቡ የጆንሰንን ወንበር ሊነጥቀው ባይችልም ሰላምታውን ነጠቀው። በግቢው መስቀል ተቃጠለ፤ በ1967ም የእናቱ ቤት በቦምብ ተመታ፤ እርስዋ ግን ከሞት ተረፈች። ሕግ ደመወዝን ይጠብቃል እንጂ የጎረቤትን ፊት አያበራም። ደግሞም ሽረት ቢቀር ምኞት አይቀርም፤ የታችኛው ዳኛ ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት የሚያወጣውን ሿሚ ሊያስደስት ይፈተናልና። ጆንሰን ወደዚያ የወጣው ግን በ1979፥ የሚከብደውን ፍርድ ሁሉ ከሰጠ በኋላ ነው።

ጠባይም ብቻውን ይበቃል የሚል ደግሞ የዋላስን መንገድ ይመልከት፤ ወንበሩ በድምፅ የሚሰጥና የሚወሰድ ሰው፥ ድምፁ ወደሚገኝበት መሄዱ የማይቀር ነው ማለት ባይቻልም፥ መንገዱ ግን ቍልቍለት ነው።

ስለዚህ ሥርዓት አጥር ነው፥ ጠባይም እርሻ ነው። አጥር የሌለው እርሻ በከብት ይበላል፤ ያልተዘራበት እርሻ ግን አጥሩ ምንም ቢጠነክር እህል አያበቅልም። ዳኛን የሚሾሙ ሰዎች ስለ አጥሩ ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ የተዘራው ምን እንደ ሆነ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባቸዋል፤ ከተሾመ በኋላ የሚጠይቀው ኅሊናው ብቻ የሚሆንበት ቀን ይመጣልና።