ሳይጠሩት አቤት የሚል ፕሮሰሰር

ና ተቀመጥ ልጄ፣ የከዚራ ጥላ ለሁለታችንም ይበቃል። ጃቫህን ወደ 23 ካሳደግክ ወዲህ ፕሮጀክቱ በሙሉ «ጌተር የለም» እያለ ይጮኻል አልከኝ። ኮዱን አትንካው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ጌተሩን አንተ አልጻፍከውም፤ ኮምፓይል ሲደረግ የሚሠራልህ ሎምቦክ የተባለው አኖቴሽን ፕሮሰሰር ነበር። እሱን ደግሞ ማንም አልጠራውም። ክላስፓዝ ላይ ስለተገኘ ብቻ ኮምፓይለሩ ሥራ ይሰጠው ነበር። ከጃቫ 6 ጀምሮ እንዲህ ኖረናል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ተመችቶን ነበር፤ ግን ሌላ ላይብረሪ ተከትሎ የገባ የማታውቀው ፕሮሰሰርም ኮድህ መሃል ገብቶ ይሠራል ማለት ነው። ጃቫ 21 አስጠነቀቀ፣ ማን አነበበው! በ2024 (በፈረንጅ ልቁጠርልህ) የወጣው 23 በሩን ዘጋው። ግሬድልማ በ2018፣ በ5.0፣ ቀድሞ ዘግቶታል።

አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰው ነበሩ። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ባቡር ልጅ ናት፤ የሐረር ተራራ ከብዶት በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። አባቴ ፉርጎ ጠግነው ሲጨርሱ መፍቻቸውን ቆጥረው ሳጥን ውስጥ ይመልሱ ነበር። መፍቻ ከዕቃው ጋር ጅቡቲ አይሄድም። ፕሮሰሰርም መፍቻ ነው፤ ኮምፓይል ሲደረግ እንጂ ሰርቨር ላይ ሥራ የለውም።

እንግዲህ በስሙ ጥራው፤ በግሬድል ሎምቦክን «ኮምፓይልኦንሊ» ላይም «አኖቴሽንፕሮሰሰር» ላይም ጻፈው። ለቴስት ኮድም የራሱ አለው፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። በሜቨን የኮምፓይለሩ ፕለጊን ውስጥ «አኖቴሽንፕሮሰሰርፓዝስ» ሥር አስገባው። እዚያ አንዱን ከጠራህ ግን ሁሉንም ጥራ፤ ያልተጻፈውን ከክላስፓዝ የሚፈልግልህ የለም። ማፕስትራክት የሚባለው ፕሮሰሰርም ካለህ፣ ከሎምቦክ 1.18.16 ወዲህ በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ «ሎምቦክ-ማፕስትራክት-ባይንዲንግ» ይባላል። እሱ ከሌለ ማፕስትራክት የሎምቦክን ጌተሮች ላያያቸው ይችላል።

ጓደኛህ «-ፕሮክ፡ፉል» ጨምርና ይለፍ ብሎሃል አሉ። ያልፋል። ግን ያልተጠራውን ሁሉ መልሶ ያስገባዋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አቦ አትኩረፍ! ሻይህን ጠጣና ቢውልድ ፋይሉን ክፈተው፤ እኔም መነጽሬን ላድርግ።